ያረፈ ሁሉ አይነሣም

ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖች ወሬ በተነሣ ቁጥር የማይጠፋ አንድ ታሪክ አለ። ሜዳዋ ጠባብ ናት፤ ሰርዶ ለብሳለች፤ ጠዋት ከብት ሲግጥባት ነበር። መጨረሻዋ ላይ ረጃጅም ባሕር ዛፎች ቆመዋል፤ ከዛፎቹ ወዲያ ገደል ነው። ፓይለቱ ሰውም ዕቃም ጭኗል። ሞተሩን አስጮኸ፣ ተንደረደረ፣ ተሳፋሪዎቹ ዐይናቸውን ጨፍነው የፈጣሪን ስም ሲጠሩ ጎማው የዛፎቹን ጫፍ ሊነካ ምንም ሳይቀረው አለፈ። ሰሚው ራሱን እየነቀነቀ «ፓይለት ማለትስ እንዲህ ነው!» ይላል።

እኔ ይህን አድናቆት እቃወማለሁ። ጎማው ዛፍ ሊነካ ምንም ካልቀረው ያ ሰው ወይ ስሌቱን አልሠራም፣ ወይ ሠርቶ ችላ ብሎታል። እኛ ያሞገስነው ዕድሉን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሣሩ ትንሽ ቢያድግ፣ ቀኑ ትንሽ ቢሞቅ፣ ወይም አንዱ ተሳፋሪ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ይዞ ቢመጣ፣ ያው ፓይለት በዚያው እጁ፣ በዚያው ልምዱ ዛፉ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ደግሞ «ምን ነካው? ጎበዝ ነበር እኮ» ብለን እናዝናለን።

«ጎበዝ ፓይለት ከየትም ይነሣል» የሚለው እምነት ከተሳፋሪ እስከ ባለሥልጣን፣ አንዳንዴም እስከ ፓይለቱ ራሱ ድረስ ሥር ሰድዷል። ይህ እምነት መንትያ አለው፤ «ያረፈበት ይነሣበታል» ይባላል። መንትያው ይበልጥ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ከዕለት ኑሯችን የተቀዳ ይመስላል። ቁልቁለቱን የወረደች በቅሎ ዳገቱን ትወጣዋለች፤ ወንዙን የተሻገረ ሰው ተመልሶ ይሻገራል። አውሮፕላን ግን በቅሎ አይደለም። ለማረፍ የሚበቃው ሜዳና ለመነሣት የሚበቃው ሜዳ የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱም በድፍረት የሚሞላ አይደለም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በዓለም ላይ በብዛት ከተሠሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች አንዱ ሴስና 172 ነው። አራት ሰው ይይዛል። 172 ኤስ የተባለው ዓይነት ሙሉ ክብደቱ 1,157 ኪሎ ነው። ፋብሪካው እንደሚለው በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ በደረቅና ጠንካራ መንደርደሪያ ላይ 293 ሜትር ተንደርድሮ መሬት ይለቃል፤ ከመነሻው 497 ሜትር ሲርቅ ደግሞ 15 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል። ሲያርፍ ከዚያው ከ15 ሜትር ከፍታ ጀምሮ እስኪቆም 407 ሜትር ይበቃዋል። እስከዚህ ድረስ ልዩነቱ ብዙም አያስፈራም።

አሁን ይህንኑ አውሮፕላን ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ከፍ ወዳለ ቦታ እናምጣው። የጎሬና የደብረ ማርቆስ ሰው ይህን ከፍታ ቆላ ሊለው ይችላል። ቀኑ 25 ዲግሪ ይሙቅ፤ ሜዳው ደረቅ ሣር ይሁን። የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለትንንሽ አውሮፕላኖች ያወጣው መመሪያ ለእያንዳንዱ ሁኔታ ማባዣ ሰጥቷል። ለመነሣት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 10 ከመቶ ይጨመራል፤ በየ10 ዲግሪው ተጨማሪ ሙቀት ሌላ 10 ከመቶ፤ ለደረቅ ሣር 20 ከመቶ። ለማረፍ የከፍታውም የሙቀቱም ጭማሪ 5 ከመቶ ብቻ ነው፤ የደረቁ ሣር 15 ከመቶ። ማባዣዎቹ አይደመሩም፣ እርስ በርስ ይባዛሉ። በ1,500 ሜትር ከፍታ መደበኛው ሙቀት 5 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ቀናችን በ20 ዲግሪ ይበልጠዋል። ስሌቱ ሲያልቅ ለማረፍ 659 ሜትር፣ ለመነሣት 1,162 ሜትር ይወጣል።

የመንደሩ ሜዳ 800 ሜትር ነው እንበል። አውሮፕላኑ ያርፋል፤ እንዲያውም ከመቶ ሜትር በላይ ይተርፈዋል። ሕዝቡ እልል ይላል። በዚያው ክብደት ልነሣ ቢል ግን 360 ሜትር ይጎድለዋል። ይህን ጉድለት የትኛው ጉብዝና ይሞላዋል? ደግሞ ይህ ምንም መጠባበቂያ ያልተያዘለት ባዶ ስሌት ነው። መመሪያው ከዚህ ሁሉ በኋላ ለመነሣት ሌላ 33 ከመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ ይላል፤ የፋብሪካው ቁጥር የተገኘው በአዲስ አውሮፕላንና በሠለጠነ የሙከራ ፓይለት እጅ ነውና።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የሚያርፍ አውሮፕላን ያለውን ፍጥነት ያጠፋል እንጂ አዲስ ኃይል አይፈጥርም፤ ሞተሩ ዝቅ ብሏል፣ ፍሬን አለው። የሚነሣው ግን ሁሉንም ከሞተሩ ይለምናል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 ከመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋው የለም። በሙቅ ቀን ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ በምሳሌያችን ሜዳ ላይ፣ በ25 ዲግሪ፣ ሞተሩና ክንፉ የሚሠሩት 2,200 ሜትር ላይ እንዳሉ ያህል ነው። ፕሮፔለሩም ክንፉም ቀጭን አየር ይይዛሉ። የፍጥነት መለኪያው እንደ ወትሮው 55 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚሮጠው ከዚያ ከ10 ከመቶ በላይ በልጦ ነው። ሣሩ ጎማውን የሚይዘው ረዘም ላለ ጊዜ ነው ማለት ነው። ደካማ ሞተር፣ ረጅም ሩጫ፣ የሚጎትት መሬት። ፓይለቱ ከዚህ ውስጥ የቱንም በእጁ ሊቀይር አይችልም።

«ልምድስ?» ይሉኛል። ልምድ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ልምድ ስሌትን ሲተካ ምን እንደሚያደርግ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በሜዳ አካባቢ የኖሩ ፓይለቶች ሁሉ «በጠዋት ተነሣ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው» ይላሉ። ትክክል ነው፤ 10 ዲግሪ መቀዝቀዝ ከርቀቱ 9 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ጠዋት ጤዛ አለ። እርጥብ ሣር በዚያው መመሪያ 30 ከመቶ ይጨምራል፣ ደረቁ 20። ልዩነቱ 8 ከመቶ ያህል ነው። ቅዝቃዜው የሰጠውን ጤዛው መልሶ ወሰደው። ልምድ ያለው ሰው ጠዋት ስለሆነ ብቻ ተማምኖ ግማሽ ኩንታል ቢጨምር፣ ያገኘሁት ያለውን ትርፍ ሳያገኘው አወጣው። ጤዛው እስኪደርቅ፣ ሙቀቱም እስኪመጣ ባለው ጠባብ ሰዓት መነሣት ይሻል ይሆናል፤ ይሻል እንደሆነ የሚነግረው ግን ቴርሞሜትርና እርሳስ ነው።

ታሪክም ከእኔ ጋር ነው። ረኔ ፎንክን እናንሣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 75 የጠላት አውሮፕላን በመጣል ከተባባሪዎቹ ጦር አብራሪዎች ሁሉ የላቀ ነበር። በጉብዝና ከእሱ የሚበልጥ ማን ነበር? እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1926 ኒውዮርክ አጠገብ ካለው ሩዝቬልት ሜዳ ወደ ፓሪስ ሊነሣ ተዘጋጀ። የያዘው ሲኮርስኪ ኤስ-35 የተባለ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ነው፤ ነዳጅ እስከ አፉ ተሞልቷል። በዚያ ክብደት ተሞክሮ አያውቅም ነበር። በመንደርደር ላይ ሳለ የማረፊያ እግሩ ክፍል ተሰበረ፤ አውሮፕላኑ መሬት ሳይለቅ ሜዳውን ጨርሶ ቁልቁል ገባና ተቃጠለ። ከአራቱ ሰዎች ሁለቱ ሞቱ። ፎንክ ራሱ ተረፈ። 75 ድል አንዲት ኪሎ እንኳ አላቀለለችለትም።

ስምንት ወር እንኳ በወጉ አልሞላም። በግንቦት 20 ቀን 1927 አንድ የ25 ዓመት የፖስታ አብራሪ ከዚያው ሜዳ ተነሣ። ሜዳው ዝናብ ጠጥቶ ለስልሶ ነበር። ቻርልስ ሊንድበርግን የምናስታውሰው በድፍረቱ ነው፤ እኔ ግን የማደንቅለት ከዚያ በፊት የሠራውን ነው። አውሮፕላኑ ሳን ዲየጎ ውስጥ ተሠርቶ እንዳለቀ ነዳጁን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ፣ በእያንዳንዱ ጭነት ስንት ሜትር ተንደርድሮ እንደሚነሣ እየተለካ ሞከረው። ሬዲዮ አልያዘም፤ ፓራሹት አልያዘም፤ የካርታውን ጠርዝ እንኳ ቆርጦ ጥሏል። 1,700 ሊትር ገደማ ቤንዚን ጭኖ፣ 223 የፈረስ ጉልበት ባለው አንድ ሞተር፣ ከ2,300 ኪሎ በላይ ክብደት ይዞ ተነሣ። ይህን ሁሉ ቆጥሮ፣ ለክቶ፣ ቆርጦም በሜዳው መጨረሻ ያለውን የስልክ ሽቦ ያለፈው በ6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የለካው ሰው የተረፈው 6 ሜትር ከሆነ፣ ያልለካው ሰው ስንት ሊተርፈው ነው?

እንግዲህ ወደ ሣሩ እንውረድ፤ ቃል በቃል እንውረድ። «ሣር» የምትለዋ አንዲት ቃል ብዙ ትደብቃለች። ሰርዶ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ጥሩ የሰርዶ ሜዳ ሲደርቅ ጠጠር ከፈሰሰበት መንገድ ይሻላል። ሙጃ ሌላ ነገር ነው፤ ጎማ ላይ ይጠመጠማል፤ ርዝመቱ ከስንዝር ሲያልፍ ከላይ ያልኳቸው ማባዣዎች አይሠሩም፤ የተሰጡት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላለ ሣር ነው። ከሥሩ ያለው አፈር ደግሞ ከሣሩ ይብሳል። በደጋችን ያለው መረሬ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ይለሰልሳል። ለስላሳ መሬት ቢያንስ 25 ከመቶ ይጨምራል ይላል መመሪያው፤ «ቢያንስ» የሚለው ቃል ይሰመርበት። ፍልፈል ያወጣው የአፈር ቁልል ከሣር በታች ስለሚሆን ከኮክፒት አይታይም። የፊት ጎማ በ40 ኖት እየሮጠ እዚያ ላይ ሲወጣ የፊት እግሩ ሊታጠፍ፣ ፕሮፔለሩም መሬት ሊመታ ይችላል።

ይህን የሚያውቅ እግር ብቻ ነው። ሜዳው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእግር መሄድ አለበት፤ በሁለቱም ጎማዎች መስመርና በመካከሉ፤ ተረከዝን እየረገጡ፣ ሣሩን እየገለጡ። ርዝመቱ በርምጃ መቆጠር አለበት፤ የመንደሩ ሽማግሌ «አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል» ያሉት በጎ ግምታቸው ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ወደየት እንደሚያጋድል መታየት አለበት፤ በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ከፍ የሚል ሜዳ ለዐይን ለጥ ያለ ይመስላል፣ ግን ሌላ 10 ከመቶ ይበላል። ነፋሱም እንደዚሁ። አውሮፕላኑ መሬት ከሚለቅበት ፍጥነት አንድ አሥረኛ የሚሆን የኋላ ነፋስ 20 ከመቶ ይጨምራል፤ ለሴስናችን ይህ 5 ኖት ተኩል ነው፤ ቅጠል የሚያወዛውዝ ለስላሳ ነፋስ። ሜዳውን በእግሩ ሳይሄድበት የሚነሣ ፓይለት ካለ፣ ስንት ሺህ ሰዓት ቢበር እንኳ እኔ ጎበዝ አልለውም።

የጉብዝና ጠበቆች ወደ ዋናው ምሽጋቸው የሚሸሹት እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ ሜዳ የራሱ ዘዴ አለው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ፓይለቱ መሪውን ወደ ራሱ ስቦ የፊት ጎማውን ክብደት ያቀልለታል፤ ፍላፑን በልክ ይከፍታል፤ መንደርደር ከጀመረ አይቆምም፣ ከቆመ ጎማው ይሰምጣልና። አውሮፕላኑ ገና በዝቅተኛ ፍጥነት መሬት ይለቅቃል። ከዚያ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ከሣሩ በላይ አንድ ሁለት ሜትር ላይ እየበረረ ፍጥነት ያጠራቅማል። ይህን የሚያስችለው ፓይለቶች ግራውንድ ኢፌክት የሚሉት ነገር ነው። ክንፍ ለመሬት ሲቀርብ፣ በተለይ ከክንፎቹ ጠቅላላ ርዝመት ግማሽ በታች ሲሆን፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው የአየር ኃይል ይቀንስለታል። በደንብ የተሠራ ይህ ዘዴ ሲታይ ያምራል። እጅ ይፈልጋል፤ ትምህርት ይፈልጋል።

ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሞተው በዚሁ ዘዴ ውስጥ ነው። አውሮፕላኑ መሬት ለቀቀ ማለት መውጣት ይችላል ማለት አይደለም። በዝቅተኛ ፍጥነት የለቀቀው ያ የመሬት ትራስ ስላገዘው ነው፤ አምስት ስድስት ሜትር ከፍ ሲል ትራሱ ከሥሩ ይጠፋል። ዛፉ እየቀረበ ነው። ፓይለቱ መሪውን ይስባል። አፍንጫው ይነሣል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተዋል። መሬት ላይ የቀረው ሰው «ተነሣ!» ብሎ ሲያጨበጭብ የነበረው ያን ጊዜ ነው። ዘዴው የሣሩን ጉተታ ያቃልላል፤ ሜዳውን አያስረዝምም፣ ቀጭኑን አየር አያወፍርም። ርቀቱ ለሚበቃው ሰው ጌጥ ነው፣ ለማይበቃው ሰው ወጥመድ ነው።

ስሌቱ ራሱ ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህም ሜዳው ላይ ምስክር ይቆማል። ነጭ የተቀባ ድንጋይ ወይም ጨርቅ መካከሉ ላይ ይደረጋል። አውሮፕላኑ እዚያ ሲደርስ መሬት ከሚለቅበት ፍጥነት 70 ከመቶው ላይ ካልደረሰ መነሣቱ ይቀራል፤ ጋዙ ይዘጋል፤ ፍሬን ይያዛል። መነሻው 55 ኖት ከሆነ ድንጋዩ ጋ 39 መታየት አለበት ማለት ነው። ሕጉ ከአየር አልተቀዳም። ፍጥነት ሲጠራቀም የሚበላው ርቀት በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል፤ የ0.7 ስኩዌር ግማሽ ነው። ግማሽ ሜዳ ላይ 70 ከመቶ ያልያዘ፣ ቀሪውን 30 በቀሪው ግማሽ አያገኘውም። እርጥብ ሣር ላይ ፍሬን እንደሚያንሸራትት ለሚያውቅ ፓይለት ድንጋዩን ከመካከል ወደ መነሻው ጠጋ ማድረግ ብልኅነት ነው። ድንጋይ ግን ይሉኝታ የለውም፤ ልምድ አያይም፤ ማዕረግ አይጠይቅም። የምወድደው ለዚህ ነው።

የጉብዝና እምነት ሌላም ክፉ ፍሬ አለው። አውሮፕላን ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፓይለቱ ብቃት ይሆናል፤ መሬቱ ሳይመረመር ይቀራል። የእግር ኳስ ወዳጆች ሙኒክን አይረሱም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 6 ቀን 1958 የማንቸስተር ዩናይትድን ቡድን የጫነው አውሮፕላን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ቆሞ፣ በሦስተኛው ሙከራ መንደርደሪያውን ጨርሶ ወጣ፤ 23 ሰዎች ሞቱ፣ ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። መንደርደሪያው በውኃና በቀለጠ በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ፍጥነቱ 117 ኖት ደርሶ፣ ሞተሮቹ በሙሉ ጉልበት እየጮኹ፣ ወደ 105 ወረደ። የጀርመን መርማሪዎች ክንፉ ላይ በረዶ አላራገፈም ብለው ካፒቴኑን ጄምስ ቴይንን ወቀሱ። ጥፋቱ የመሬቱ እንደነበር፣ ጭቃ የመሰለው በረዶ ጎማዎቹን እንደያዘ ታምኖለት ከወቀሳ ነጻ የሆነው በ1969 ነው። ያ ትልቅ አውሮፕላን ነበር፣ መንደርደሪያውም ሣር አልነበረም፤ ግን ጎማን የሚይዝ መሬት የሚሠራው ሥራ አንድ ነው። ሁለት ሞተር ያለውን አውሮፕላን 12 ኖት ከነጠቀው፣ ባለ አንድ ሞተሯን ትንሽ አውሮፕላን ረግረግ ያለ ጨፌ ምን ሊያደርጋት እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የክብደት ነገር ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ጠላታችን ሣር ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

ወደዚያ 800 ሜትር ሜዳ እንመለስ። ሴስናው በሙሉ ክብደቱ 1,162 ሜትር ይፈልጋል። በመመሪያው መሠረት 10 ከመቶ ክብደት ሲጨመር ርቀቱ 20 ከመቶ ያድጋል። ወደ ኋላ ስናሰላው፣ ክብደቱ 20 ከመቶ ከተቀነሰ ርቀቱ ወደ 800 ሜትር ይወርዳል። 20 ከመቶ ስንት ነው? 230 ኪሎ። ባዶው አውሮፕላን ወደ 750 ኪሎ ስለሚመዝን የሚቀረው ፓይለቱ ብቻውንና መቶ ኪሎ የማይሞላ ነዳጅ ነው። እሱም ያለ መጠባበቂያ፣ አፍ ላፍ። መንደሩ ግን ሦስት ሰው አዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንዷ ምጥ የጠናባት ሴት ናት፤ ባሏ ካልተከተለ አይሆንም ተብሏል፤ ሦስተኛው ወረዳው የላከው ሰው ነው። ሁሉም የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት «አልወስድም» ማለት በእኛ አገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የማያውቅ የለም። «ጎበዝ ከሆነ ይችላል» የሚለው እምነት ያንን ከባድ ቃል ከአፉ ይነጥቀዋል። እምቢ ቢል ሰነፍ ተባለ፤ እሺ ቢል ጀግና ተባለ። ይህን ሚዛን ያበጀነው እኛ ነን፤ ስለዚህ የሚገድለውም የእኛ ሚዛን ነው።

«ታዲያ ያቺ ሴት ትሙት?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከሁሉ የበረታ ተከራካሪዬ ነው፤ ጥያቄውንም አከብረዋለሁ። ትንንሽ አውሮፕላኖች መንገድ ወዳልደረሰበት ሕይወት አድርሰዋል፤ ክትባት፣ ሐኪም፣ ዘር አድርሰዋል። እኔ የምለው በዚያ ሜዳ አትረፉ አይደለም። ከማረፍ በፊት የመነሣት ስሌት ይሠራ ነው የምለው። ሜዳው ለሙሉ ጭነት እንደማይበቃ የታወቀ ከሆነ ይበልጥ አቅም ያለው፣ በአጭር ሜዳ የሚነሣ አውሮፕላን ይላክ። ወይም ነዳጅ ቅርብ ካለ ጣቢያ እንዲቀዳ ተደርጎ ባነሰ ነዳጅ ይገባ፤ ሴትዮዋ ትሳፈር፣ ባሏ በሁለተኛው ምልልስ ይምጣ፣ የወረዳው ሰው በበቅሎ ይሂድ። ይህን ማድረግ ካልተቻለና እሷን ጨምሮ ሁሉም ተጭነው ከተነሡ፣ ያዳናት ሰው የለም፤ አብረዋት የሚሞቱ ሰዎች ተጨመሩ እንጂ።

ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ስለተባለው ስዊድናዊ ሳስብ ይህ ጎልቶ ይታየኛል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን አገራችን ላይ በሯል፤ ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አሠልጥኗል። እ.ኤ.አ. በሰባዎቹ የረኀብ ዓመታት ተመልሶ መጣ፤ በኤምኤፍአይ-15 ትንንሽ አውሮፕላኖች እህሉን በጆንያ አድርጎ ዝቅ ብሎ እየበረረ ለመንደሮች ይጥል ነበር፤ ሳያርፍ። ከእሱ የበለጠ ደፋር ፓይለት መጥራት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1977 ጎዴ ላይ በጦርነት ሞተ። ሳያርፍ እህል ማድረስ የመረጠበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የማነብበት ግን ይህን ነው፦ ደፋር ሰው ሥራውን ከማይነሣበት ሜዳ ጋር አላሰረውም።

«ሁሉን አስፋልት አንጥፉና ነገሩ ይለቅ» የሚሉም አሉ። ለነሱ ብዙ ቃል አላባክንም። አስፋልት ሣሩን ያስወግዳል፤ ከፍታውን፣ ሙቀቱን፣ ጭነቱን፣ የኋላውን ነፋስ አያስወግድም። ላሊበላ ጠንካራ መንደርደሪያ ሳታገኝ የነበራት ሜዳ በክረምት ለአውሮፕላን ይዘጋ ነበር፤ በእኔ እምነት ያ መዘጋት ከብዙ አስፋልት የበለጠ ሕይወት የሚጠብቅ ውሳኔ ነው። ሣር በሐቅ ከተለካ ታማኝ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ ዲሲ-3 አውሮፕላኖቹ ለአሥርት ዓመታት አስፋልት ባላዩ የአገር ውስጥ ሜዳዎች ላይ ሲያርፉና ሲነሡ ኖረዋል። ያን ያደረጉ ሰዎች ጎበዞች ነበሩ፤ ጉብዝናቸው ግን ጭነት የሚመዝን፣ መዝገብ የሚሞላ፣ ሜዳ የሚዘጋ ጉብዝና ነበር።

ለፓይለቶች የምለው ይህን ያህል ነው። ለእናንተ ለተሳፋሪዎች ግን አንድ ልመና አለኝ። አንድ ቀን በሣር ሜዳ ዳር ቆማችሁ፣ ፓይለቱ ሜዳውን እስከ ጫፍ በእግሩ ሄዶ ተመልሶ፣ ሻንጣችሁን መዝኖ፣ ወረቀቱን አይቶ «ዛሬ አንድ ሰው መቅረት አለበት» ካላችሁ፣ አታጉረምርሙበት፤ ማን እንደሆነ ጠይቁትና ውረዱለት።